የባልትና ንግድና ብራንድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥንና ቅመም አዘጋጅተው ለሚሸጡ፣ በተለይም ከቤት ተነስተው ወደ ሱቅ መደርደሪያ ለመግባት ለሚያስቡ የተዘጋጀ።

ብራንድ ማለት ሎጎ ማለት ነው?

አይደለም። ሎጎ የብራንዱ አንድ ክፍል ነው፤ ያውም ትልቁ ክፍል አይደለም። ብራንድ ሰው የእርስዎን በርበሬ ከሌላው ለይቶ የሚያውቅበት ነገር ሁሉ ነው። ስሙ፣ የማሸጊያው ቀለም፣ ወጥ ላይ የሚያወጣው መልክ፣ ስልክ ሲደወል የሚመልሱበት አነጋገር፣ ቅሬታ ሲመጣ የሚክሱበት መንገድ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ይህን ለማየት የሰፈር ሱቅ ደጃፍ ላይ ትንሽ መቆም ይበቃል። ደንበኛው ከባንኮኒው ወዲህ ነው፤ ዕቃው ከባለሱቁ ጀርባ ተደርድሯል። መብራቱ ደብዛዛ ስለሆነ ከዚያ ርቀት ጽሑፍ አይነበብም። የሚሰማው «ያችን አረንጓዴዋን ስጠኝ»፣ «ባለፈው የወሰድኩትን»፣ «ባለ ሞሰቧን» ነው። ደንበኛ እርስዎን የሚጠራበት ስም ይኸው ነው። ሥራችሁ እንዲህ ያለ መጠሪያ እንዲኖራችሁና ያ መጠሪያ ወደ እናንተ ዕቃ ብቻ እንዲመራ ማድረግ ነው።

እጄ ጥሩ ነው ይሉኛል፤ ታዲያ ብራንድ ለምን ያስፈልገኛል?

ገዢዎ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ እስከሆነ ድረስ ላያስፈልግዎ ይችላል። እነሱ የሚያምኑት እርስዎን ነው፤ በፌስታል ቋጥረው ቢሰጧቸውም ይወስዳሉ። ነገሩ የሚለወጠው የማያውቅዎት ሰው መግዛት ሲጀምር ነው።

በርበሬ አደራ ያለበት ዕቃ ነው። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ምን እንደገባበት በዓይን አይለይም። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚል ዜና በየጊዜው ስለሚሰማ ሰው ይፈራል። ጊዜና አቅም ያለው ዛላውን ራሱ ገዝቶ፣ ቀንጥሶና አዘጋጅቶ ወፍጮ ቤት ቆሞ ያስፈጫል። የታሸገ የሚገዛው ሰው ግን ያንን ሁሉ ለማያውቀው ሰው በአደራ ሰጥቷል። ስለዚህ አንዴ ገዝቶ ከወደደው በሚቀጥለው ወር ያንኑ በቀላሉ ማግኘት መቻል አለበት። ስሙ ካልተያዘለት፣ ማሸጊያው በየጊዜው ከተቀያየረበት፣ የእርስዎ ጥሩ እጅ ለጎረቤት መደርደሪያ ዕቃ ገበያ ሆነ ማለት ነው።

ስም እንዴት ልምረጥ?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ሎጎ ይታደሳል፣ ማሸጊያ ይሻሻላል፤ ስም መቀየር ግን እንደገና መጀመር ነው።

እናት፣ እማማ፣ ሀበሻ፣ አቢሲኒያ፣ ሉሲ፣ ሳባ፣ ላሊበላ ደስ የሚሉ ስሞች ናቸው፤ ችግሩ ሁሉንም ሰው ደስ ማሰኘታቸው ነው። አንድ መደርደሪያ ላይ ሁለት «እማማ» ከተገናኙ የሚጎዳው አዲሱ ነው። «ምርጥ በርበሬ»፣ «ንጹህ ሽሮ» ዓይነቶቹ ደግሞ ዕቃውን ከመግለጽ አልፈው እርስዎን አይለዩም፤ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብም አይመቹም። ማረቆ፣ አላባ እያሉ በርበሬው በመጣበት አካባቢ መሰየምም እንዲሁ ነው። የዚያ አገር በርበሬ የሚሸጥ ሁሉ ስሙን የመጥራት መብት አለው። ቦታውን ማሸጊያው ላይ በመግለጫነት ይጻፉት፤ ስም አያድርጉት።

የልጆችን ስም የመጀመሪያ ፊደላት እየገጣጠሙ ስም ማውጣት በአገራችን የተለመደ ነው፤ አፍ ላይ ቀላል ሆኖ ከወጣ ጥሩ ነው። ፒያሳ ተወልዶ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠራው ቡና ቤት ቶሞካ የጣሊያንኛ ቃላት መነሻዎች ተገጣጥመው የወጣ ስም ነው። አብዛኛው ቡና ጠጪ የቃላቱን ፍቺ ሳያውቅ ኖሯል፤ ሦስት ፊደል መሆኑ፣ ለመጥራት መቅለሉና ከሌላ ነገር ጋር አለመምታታቱ በቂ ነበር። የራስዎን ስም መጠቀምም ይቻላል፤ «የወይዘሮ እከሌ» የሚል ስም እምነት ይሰጣል። ነገር ግን ወደፊት ንግዱን ለመሸጥ ወይም ሸሪክ ለማስገባት ካሰቡ አስቀድመው ያስቡበት።

ከመወሰንዎ በፊት ስሙን ለማያውቀው ሰው በስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ይንገሩትና እንዲጽፈው ይጠይቁት። አሳስቶ ከጻፈው ወይም «ምን አሉ?» ካለ ስሙ ሥራ ያበዛብዎታል። ቀጥሎ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ይፈልጉት። የንግድ ስሙ ያልተያዘ መሆኑን በንግድ ቢሮ፣ የንግድ ምልክቱ ያልተያዘ መሆኑን ደግሞ በአእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ያጣሩ። ስቲከር የሚታተመው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ስሙን በሀ ልጻፈው ወይስ በሐ? በላቲንስ?

አንዱን ይምረጡና ከዚያ በኋላ አይለውጡት። ፀሐይ በፀ፣ ጸሀይ በጸ እየተባለ ታፔላው አንድ፣ ስቲከሩ ሌላ፣ ቴሌግራሙ ሦስተኛ ሲሆን ፈላጊው አያገኝዎትም፤ የፍለጋ ሳጥን ሰ እና ሠ ተመሳሳይ ድምፅ መሆናቸውን ሁልጊዜ አያውቅም። የቃሉን ትክክለኛ አጻጻፍ የሚያውቅ ሰው ጠይቀው በዚያው መጽናት ያስከብራል፤ ጠዋት ማታ ማሸጊያዎ ላይ የሚያነበው አዋቂ ብዙ ነው።

በላቲን ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ቀ፣ ጸ፣ ጨ እና ኘ እያንዳንዳቸው ሁለትና ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አላቸው። የቴሌግራም መጠሪያ የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የግርጌ ሰረዝ (_) ብቻ ስለሆነ፣ ከአምስት ፊደልም ማነስ ስለሌለበት፣ ይህን ውሳኔ መሸሽ አይቻልም። ሰው ሳይነገረው ሊገምተው የሚችለውን አጻጻፍ ይምረጡ፤ በሁሉም ቦታ ያንኑ ይያዙ።

ሎጎ ሲሠራልኝ ዲዛይነሩን ምን ልጠይቅ?

ብዙ ሰው የሚረከበው በቴሌግራም የተላከ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ባነር ለማሳተም ሲሄድ ማተሚያ ቤቱ «ይሄ ይሰባበራል» ይለዋል፤ ዲዛይነሩም ስልኩን አያነሳም። ስለዚህ ክፍያው ከማለቁ በፊት የሚከተሉትን ይረከቡ። ቢተልቅ ጥራቱ የማይቀንሰውን ፋይል በኤስቪጂ፣ በፒዲኤፍ ወይም በኤአይ፤ ባለአንድ ቀለም ጥቁር ቅጂውን፤ የቀለሞቹን ቁጥር ለኅትመትም ለስክሪንም፤ የተጠቀመበትን የፊደል ዓይነት ስም። በመጨረሻም ሎጎው ለእርስዎ መተላለፉንና ዲዛይነሩ ለሌላ እንደማይሸጠው የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት።

ጥቁሩ ቅጂ ብዙዎች የሚረሱት ነው። ማህተም፣ ደረሰኝ፣ የካርቶን ላይ ኅትመት ሁሉም ባለአንድ ቀለም ናቸው። ሎጎው በጥቁር ብቻ ሲሆንና ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ካልተለየ፣ ሞሰቡ፣ ሙቀጫው፣ ጭሱና ሴትዮዋ በአንድ ላይ ታጭቀውበታል ማለት ነው። አንዱ ይበቃል።

ስልክ ላይ ካሉ ሎጎ መሥሪያ መተግበሪያዎች የተወሰደ ምስል ለመጀመሪያ ሰሞን ሊያገለግል ይችላል። ያው ምስል ሌሎችም እጅ ላይ ስለሚገኝ ግን በስምዎ ብቻ የሚጠበቅ ምልክት አድርገው አይቁጠሩት።

ስለ ፊደል ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ስልኮችና ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዋወጡበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ አለ። ሆኖም በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፊደሎች የሚሠራ ዲዛይነር ዛሬም ይገኛል፤ እንዲህ የተጻፈን ጽሑፍ ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፉት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባሉት የፊደል ዓይነቶች ነፃ ናቸው፣ ለንግድ መጠቀምም ይፈቀዳል፤ ለማሸጊያ ጽሑፍ በቂ ናቸው። የስሙን ፊደላት ግን አቅም ካለ በእጅ ያስቀርጿቸው። ፊደላችን በራሱ ሥዕል ስለሆነ፣ በጥሩ እጅ የተጻፈ ስም ሌላ ሥዕል ላያስፈልገው ይችላል።

በርበሬ ስለሆነ ማሸጊያው ቀይ መሆን የለበትም?

የለበትም። የባልትና መደርደሪያ ፊት ቆመው ይመልከቱ፤ ቀይ ስቲከር፣ ላዩ ላይ የዛላ በርበሬ ሥዕል፣ ቢጫ ጽሑፍ። በርበሬው ራሱ በላስቲኩ ውስጥ ቀይ ሆኖ ይታያል። በቀይ ላይ ቀይ ሲለጠፍ ከጎኑ ካለው አይለይም። ጥቁር አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ጥልቅ ሰማያዊ ወይም የጤፍ ዓይነት ቡናማ በርበሬውን አድምቆ ያሳያል፤ ከሩቅ የሚጠራም ያደርገዋል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አንድ ላይ ማድረግም ስሜቱ ይገባኛል፤ ከሚገባው በላይ ብዙ ሰው ስለተጠቀመበት ግን መለያነቱ ደክሟል። ሰንደቅ ዓላማውን እንዳለ ምልክት አድርጎ ማስመዝገብ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይቻልም።

አንድ ቀለም ዋና አድርገው ይያዙ። ሽሮ፣ ምጥን፣ ሚጥሚጣ ሲጨምሩ የስቲከሩን አቀማመጥ ሳይለውጡ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ በሌላ ቀለም ያድርጉ። እንዲህ ሲሆን አምስቱ ዕቃ ተደርድሮ አንድ ቤተሰብ መሆኑ ይታያል። የመጀመሪያውን ጥሩ ኅትመት ፈርመውበት ከብርሃን ርቆ ያስቀምጡና ማተሚያ ቤት በሄዱ ቁጥር ይዘውት ይሂዱ። «ያው አረንጓዴ» ብሎ በቃል ማዘዝ ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት የተለያየ አረንጓዴ ያመጣል።

የታተመ ላስቲክ ለማዘዝ አቅም የለኝም፤ በምን ልጀምር?

ምንም ባልታተመበት ከረጢትና በጥሩ ስቲከር። ስም ታትሞበት የሚመጣ ማሸጊያ በብዛት ካልታዘዘ አይሠራም። ገና ገበያው ሳይታወቅ ገንዘብን ላስቲክ ላይ ማሰር ደግሞ ብዙ ጀማሪ አንገዳግዷል፤ ስልክ ቁጥር ወይም ክብደት ሲቀየር ያ ሁሉ ላስቲክ ከንቱ ይቀራል።

ስቲከሩ የወረቀት አይሁን። የበርበሬው ዱቄት ሲታሸግ ውጪውን ይነካዋል፣ የቅባት እጅ ይነካዋል፤ ወረቀቱ ብርቱካንማ ነጠብጣብ አውጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሮጌ ይመስላል። ፕላስቲክነት ያለው ወይም በላዩ የተለበጠ ስቲከር ይዘዙ፣ ከረጢቱን መጀመሪያ አሽገውና በደረቅ ጨርቅ ወልውለው ይለጥፉ፣ በካርቶን ልክ ቆርጠው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። ጠማማ ስቲከር «ከዚህ ቤት ሌላም ነገር በግምት ነው የሚሠራው» ብሎ ይናገራል።

ማሸጊያው ላይ ምን ምን ይጻፍ?

ከፊት ለፊት ሦስት ነገር ብቻ፦ ስምዎ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ክብደቱ። ከጀርባ ደግሞ ግብዓቶቹ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የምርት ዙር ቁጥር፣ አድራሻና ስልክ። የምግብ ምርት ስለሆነ በምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው በኩል የብቃት ማረጋገጫ ማውጣትና የገላጭ ጽሑፍ ግዴታዎቹን ከዚያው ጠይቆ ማሟላት ያስፈልጋል፤ ይህን «ሲያድግ እናደርገዋለን» የሚሉት ነገር አይደለም።

ግብዓቶቹን በዝርዝር መጻፍ የሚፈሩ አሉ፤ ሙያዬ ይሰረቃል ብለው። ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል መግባቱን ማንም ያውቃል። ሙያው ያለው በመጠኑና በአዘገጃጀቱ ነው፤ እሱን ማንም አይጠይቅዎትም። ሽሮ ላይ የምን እህል እንደሆነ መጻፍ በተለይ ይጠቅማል። ጓያ ይኖርበት ይሆን ብሎ የሚጠራጠር ገዢ «ሽምብራና አተር» የሚለውን ሲያነብ ይረጋጋል፤ የተጻፈው እውነት እስከሆነ ድረስ።

ቀን ሲጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለው ይለዩ። «05/2018» ብሎ ዝም ያለ ማሸጊያ ለእኛ ጥር 2018 ነው፤ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ባለሱቅ ግን ድሮ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ አድርጎ ያነበዋል። ሁለቱንም መጻፍ ይሻላል።

ታሪኬን ልናገር? ምን ታሪክ አለኝ?

አለዎት፤ የተጋነነ መሆን ግን የለበትም። «ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው ሚስጥር» የሚለውን ሁሉም ይለዋል። በርበሬውን ከየትኛው ገበያ እንደሚገዙ፣ ዛላው ከመፈጨቱ በፊት ማን እንደሚቀነጥሰው፣ ታጥቦ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ ይንገሩ። ጉድፍ ሲለቀም የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከማንኛውም መፈክር ይበልጣል፤ ሰው የሚፈራውን ነገር በቀጥታ ይመልሳልና።

ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. ዘነበወርቅ አካባቢ የጫማ ድርጅቷን ሶልሬብልስን ስትጀምር ይዛ የተነሳችው በረባሶን ነው፤ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራ፣ የድሃ ጫማ ተብሎ የሚታይ። ያንን ሳትደብቅ ፊት ለፊት አቅርባ የዓለም ገበያ ውስጥ ገባች። በባልትናም እንዲሁ የሚያፍሩበት ነገር ራሱ መለያ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ፣ በትንሹ፣ በሳምንት አንድ ዙር ብቻ መሥራት ጉድለት ላይሆን ይችላል፤ ገዢው የሚፈልገው ያንን ሊሆን ይችላል።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ እንዴት ልታወቅ?

ዋናው መልክን አንድ ማድረግ ነው፤ በሁሉም ቦታ ያው ስም፣ ያው ክብ ምስል፣ ያው ቀለም። ዋጋውን ይጻፉ። «ዋጋ በውስጥ» የሚለው ልማድ ገዢን ያርቃል፤ ሰው እየታየ ዋጋ የሚጨመርበት ይመስለዋል።

ክፍያ ላይ አንድ የሚታለፍ ነገር አለ። ደንበኛው በቴሌብር ሲልክ ስልኩ ላይ የሚወጣው የማያውቀው ግለሰብ ስም ከሆነ ለአፍታ ይጠራጠራል፤ አንዳንዱም ይተወዋል። የነጋዴ ሒሳብ ከፍተው የንግዱ ስም እንዲወጣ ያድርጉ። እስከዚያው ግን ሒሳቡ በማን ስም እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩት።

ንግድ ፈቃድ አለኝ፤ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ለምን አስፈለገ?

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ በጣም ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የንግድ ስም ድርጅትዎ የሚጠራበት ነው፤ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መዝገብ ይገባል። የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃው ላይ የሚለጠፈው ስምና ሎጎ ነው፤ የሚመዘገበው በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ነው። ፈቃዱ መነገድ እንዲችሉ ያደርጋል። ሌላው ያንኑ ስም በርበሬ ላይ እንዳይለጥፍ የሚከለክሉበትን መብት የሚሰጥዎ ግን የምልክቱ ምዝገባ ነው።

ምልክት የሚመዘገበው ለተወሰነ የዕቃ ምድብ ነው። አንበሳ ጫማ፣ አንበሳ አውቶቡስና አንበሳ ባንክ ጎን ለጎን ሲሠሩ መቆየታቸውን ያስቡ፤ ጫማ ሊገዛ ሄዶ ባንክ የሚገባ ሰው የለም። በርበሬ፣ ቅመም፣ ቡናና ዱቄት በዓለም አቀፉ አመዳደብ ምድብ 30 ውስጥ ናቸው፤ ምግብ ቤት ደግሞ 43። ወደፊት ምግብ ቤት የመክፈት ሐሳብ ካለ ማመልከቻው ላይ ከመጀመሪያው ይታሰብበት።

ምዝገባው ለሰባት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። አስመዝግቦ ሳይጠቀሙ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ማስቀመጥ ምልክቱን ለመሰረዝ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «ለማንኛውም» ብሎ አሥር ስም መያዝ አይጠቅምም። ምዝገባ ከመሰጠቱ በፊት ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ጊዜ እንደሚወስድ አውቀው ቀድመው ያመልክቱ። ከገበያው ማደግ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው ትልቅ የስቲከር ትዕዛዝ በፊት።

ማሸጊያዬን አስመስሎ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ፤ ምን ላድርግ?

ፌስቡክ ላይ ስሙን ጠርቶ ከመጻፍዎ በፊት ማስረጃ ይያዙ። ዕቃውን በደረሰኝ ይግዙ፣ ከእርስዎ ጋር ጎን ለጎን ፎቶ ያንሱ፣ ከየትኛው ሱቅ በየትኛው ቀን እንደተገዛ ይጻፉ። የራስዎን የድሮ የኅትመት ደረሰኝና ቀን ያለበት የቴሌግራም ልጥፍም አብረው ያኑሩ፤ ቀድመው መጠቀምዎን የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው።

ምልክቱ ከተመዘገበ መንገዱ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት። ባይመዘገብም እጅ አይታጠፍም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያደናግር የንግድ ድርጊትን ይከለክላል፤ የማስረዳቱ ሸክም ግን ከበድ ይላል። ብዙ ጊዜ በተግባር ቶሎ የሚፈታው ባለሱቆቹን በአካል ዞሮ ማነጋገር ነው። ደንበኛቸው ተታሎ ቅሬታ ይዞ የሚመጣው ወደ እነሱ ስለሆነ አብዛኞቹ ይተባበራሉ።

ዘመድ አሜሪካ ውስጥ ሊሸጥልኝ ነው፤ እዚህ ያስመዘገብኩት ምልክት እዚያ ይጠብቀኛል?

አይጠብቅም። የንግድ ምልክት መብት በየአገሩ ነው። አገራችን ራሷ ይህን በቡናዋ አይታዋለች። በ2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ሲያመለክት ከአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ ገጠመው። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም ዓለም አቀፍ መነጋገሪያ ሆኖ በ2007 በስምምነት አለቀ። ቡናው የእኛ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ ክርክሩ ስሙን የመቆጣጠር መብት የማን ነው የሚል ነበር።

በትንሽ ንግድ ደረጃ ችግሩ የሚመጣው ከትልቅ ኩባንያ ሳይሆን ከቤተሰብ ነው። ሻጩ ዘመድ ለአሠራር እንዲመቸው ብሎ ምልክቱን እዚያ በራሱ ስም ያስመዘግባል። ንግዱ ሲያድግ፣ ወይም ዘመዱ ከሌላ አቅራቢ መውሰድ ሲፈልግ፣ በገዛ ስምዎ ዕቃ መላክ ያቅትዎታል። የመጀመሪያው ካርቶን ከመጫኑ በፊት ምልክቱ በእርስዎ ስም እንደሚመዘገብ፣ እሱ የማከፋፈል ፈቃድ ብቻ እንዳለው በጽሑፍ ይስማሙ። ይህን መጠየቅ ዘመድን አለማመን አይደለም።

የበርበሬ ዋጋ ሲንር ክብደቱን ብቀንስ ብራንዴን ይጎዳዋል?

ክብደቱን መቀነስ አይጎዳም፤ ሳይናገሩ መቀነስ ነው የሚጎዳው። የባልትና ገዢ በማንኪያ የሚለካ ሰው ነው። አንድ ኪሎ ስንት ዶሮ ወጥ እንደሚያወጣላት የምታውቅ እናት ጉድለቱን በሁለተኛው ድስት ትደርስበታለች። ዋጋ ይጨምሩና ምክንያቱን ይናገሩ፤ ወይም የ500 እና የ250 ግራም መጠን ጨምረው ገዢው ራሱ እንዲመርጥ ያድርጉ።

ከዋጋው የሚብሰው ጣዕም ነው። በርበሬ ሲወደድ ርካሽ ዛላ መቀላቀል፣ ኮረሪማውን ቀነስ ማድረግ ያጓጓል። ከዚህ የሚጠብቅዎት በእፍኝና በግምት የሚሠራውን በሚዛን መለወጥና መጻፍ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ናሙና አሽገው፣ ቁጥሩን ጽፈው ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። አዲሱ ዙር ከመታሸጉ በፊት ሁለቱን ነጭ ሳህን ላይ ጎን ለጎን አድርገው ቀለሙን ይዩ፤ በእኩል ዘይትና ሽንኩርት ቁሌት ሠርተው ይቅመሱ። የማይመሳሰል ከሆነ ለዚያ ሰሞን «አልቋል» ማለት ይሻላል። አቅም ካለ ደግሞ በርበሬውን በመኸር ሰሞን፣ በዓል ሳይገባ ገዝቶ ዛላውን ማኖር ጣዕሙንም ዋጋውንም ያረጋጋል።

ከእህቴ ጋር ነው የጀመርነው፤ ብንለያይ ስሙ የማን ይሆናል?

አሁን፣ ፍቅር ባለበት ሰዓት፣ ካልተጻፈ በኋላ የሚወስነው ወረቀቱ ላይ የማን ስም እንዳለ ነው። ምልክቱ በአንዷ ስም ከተመዘገበ በሕግ ፊት ባለቤቷ እሷ ናት፤ ሌላዋ ሌሊት ሙሉ ስታምስ ብትኖርም። በጋራ ወይም በድርጅት ስም ማስመዝገብ ይቻላል። መለያየት ሲመጣም ምልክቱ እንደ ንብረት በጽሑፍ ሊተላለፍ ወይም በፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። አንድ ገጽ ውል በቂ ነው፦ ስሙን ማን ይዞ ይቀራል፣ ሌላዋ ምን ይከፈላታል፣ አዘገጃጀቱን ተጠቅማ በሌላ ስም መሥራት ትችላለች ወይስ አትችልም።

ከምልክቱ ውጪ ያሉትንም አብራችሁ ጻፉ። ቴሌግራሙ የተከፈተበት ሲም ካርድ በማን ስም ነው? የቲክቶኩ የይለፍ ቃልስ በማን እጅ ነው? የዲዛይኑ ፋይልና ማህተሙ የት ይቀመጣል? ሠራተኛ በራሷ ስልክ ከፍታላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ንግዱ ቁጥር አዛውሩት፤ ሺዎች የሚከታተሉት ቻናል ሲም ካርዱን ከያዘው ሰው ጋር ሊሄድ ይችላል።